በቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወርክሾፑና የክፍሉ ትምህርት ተለያይቶ መቅረት አለበት ወይ?

ሞርሳና ሞረድ (ርእሱን የከፈተው)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማሽን ሥራ ማስተማር ከጀመርሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። ይህን ርእስ እንድከፍት ያስገደደኝ ባለፈው ወር በወርክሾፕ ውስጥ ያየሁትና እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው ነገር ነው። እጁ እጅግ የተፍታታ፣ በሞረድ ያስተካከለው ብረት ላይ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ሲያርፍ በመካከሉ ብርሃን የማያሾልክ አንድ ተማሪ አለኝ። ይህ ልጅ ብረቱን እያሽከረከረ በመቁረጫ በሚቀርጸው በቶርኖ ማሽን ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለውን ለስላሳ ብረት በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ ቆይቶ ወደ 50 ሚሊ ሜትሩ ሲሸጋገር የማሽኑን ዙር እንዳለ ተወው፤ የመቁረጫው ጫፍም ሰማያዊ ሆኖ ተቃጠለ። ስሎ መለሰው፤ እንደገና ተቃጠለ። ሦስተኛ ጊዜ ሊስል ሲሄድ አስቆምሁትና ምክንያቱን ብጠይቀው «መቁረጫው ጥራት የለውም» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ስሌት ነበር። በዚያ ዓይነት መቁረጫ ለስላሳ ብረት ሲቆረጥ የብረቱ ገጽ በመቁረጫው ፊት በደቂቃ 30 ሜትር ያህል ቢያልፍ ይበቃል። የክቡ ዙሪያ ዲያሜትሩ በ3.14 ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ ለ25 ሚሊ ሜትሩ ብረት በደቂቃ ወደ 382 ዙር፣ ለ50 ሚሊ ሜትሩ ግን ወደ 191 ዙር ብቻ ያስፈልጋል። ልጁ ዙሩን ስላልቀነሰው ገጹ በደቂቃ 60 ሜትር እየሮጠ መቁረጫውን ይፈጀው ነበር። እኔን ያሳዘነኝ ስሌቱን የማያውቅ መሆኑ ቢሆን ኖሮ ማስተማር ሥራዬ ነውና አስተምረው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ስለ ክብ ዙሪያ በተሰጠው የሒሳብ ፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። እውቀቱ በእርሱ ዘንድ ነበረ፤ ማሽኑ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተማሪው በጠዋቱ ክፍል የሚማረው ሒሳብና ፊዚክስ ከሰዓት በኋላ በእጁ ከሚይዘው ሥራ ጋር የሚገናኘው በማን ኃላፊነት ነው? በእኔ እምነት ሁለቱ መምህራን አንድን ሥራ አብረው ካላቀዱ በስተቀር የወርክሾፕ ሰዓት ቢጨመርም፣ አዳዲስ ማሽን ቢገዛም፣ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ቢበዛም ባለሙያ አናፈራም። ልምድ ያላችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቁጥር ሰው

መምህር፣ ያነሡት ጉዳይ እኔንም የሚመለከት ነው፤ በሌላ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁና። ቢሆንም ስጋቴን በግልጽ ልንገርዎ። ሒሳብ የወርክሾፕ አገልጋይ ብቻ ከሆነ ተማሪው ቀመሩን የሚያውቀው ለቶርኖ ማሽን ብቻ ይሆናል። አናጢው የጣሪያውን ዘንግ ርዝመት ለማግኘት ከሦስት፣ ከአራትና ከአምስት የተሠራውን ሦስት ማዕዘን በቃሉ ይዞ ይሠራል፤ ማዕዘኑ ሲለወጥ ግን ግራ ይገባዋል። የፓይታጎረስን ሕግ በጠቅላላ መልኩ የተረዳው ልጅ ግን ግማሽ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 1.6 ሜትር የሆነ ጣሪያ ሲሰጠው ዘንጉ 3.4 ሜትር መሆኑን ያገኛል፤ በማግስቱ የተለየ ጣሪያ ቢሰጠውም አይቸገርም።

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር አለ። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ኤሪክ ሃኑሼክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት በ11 አገሮች የሚገኙ ሠራተኞችን መረጃ አነጻጽረው የሙያ ትምህርት የተማሩት በወጣትነታቸው ሥራ በማግኘት ረገድ እንደሚቀድሙ፣ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ግን ይህ ብልጫ እየቀነሰ እንደሚመጣ አሳይተዋል። የሥራው ዓይነት ሲለወጥ ሰውን ተሸክሞ የሚያሻግረው ጠቅላላ እውቀት ይመስለኛል። እኔ የምሟገተው ለዚያ እውቀት ነው፤ የወርክሾፕን ክብር ለመቀነስ አይደለም።

ሽቦ ዘርጊ

እኔ የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ምሩቅ ነኝ፤ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ስተዳደር 12 ዓመቴ ነው። መምህሩ የተረኩትን በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። በ10ኛ ክፍል የኦምን ሕግ (ቮልቴጅ ከረንት በተቃውሞ ተባዝቶ የሚገኝ መሆኑን) እንደ ጸሎት በቃሌ አውቀው ነበር። በወርክሾፑም ሽቦ መላጥ፣ ማገናኘት፣ ቱቦ ማጠፍና ሳጥን መግጠም ተምሬአለሁ፤ ለዚህም መምህሬን ዛሬም አመሰግናለሁ። ያልተማርሁት ነገር ሁለቱን ማገናኘት ነበር።

ከትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከማከፋፈያው ሳጥን 120 ሜትር ርቆ የሚገኝ የውሃ መሳቢያ ሞተር እንድገጥም ተጠራሁ። ሞተሩ 16 አምፔር የሚወስድ ስለሆነ በቤት ውስጥ እንደለመድሁት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ዘረጋሁለት። ሞተሩ እየጓጎረ ይነሣ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ተቃጠለ። ሌላ ተገዛ፤ እርሱም ተቃጠለ። ጥፋቱ የሞተሩ ሻጭ ነው ብዬ ስከራከር ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፋ ባለሙያ መጥቶ ወረቀት አወጣና የመዳብ ተቃውሞ 0.0175፣ የሽቦው ደርሶ መልስ ርዝመት 240 ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ብሎ ጻፈ። ተባዝቶና ተካፍሎ 1.68 ኦም ሆነ። ይህ በ16 አምፔር ሲባዛ ወደ 27 ቮልት ነው። ሞተሩ በ230 ቮልት ፋንታ በ203 ገደማ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ከረንቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ቮልቴጁ ከዚያም በታች ይወርዳል። ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብዘረጋ ኖሮ የሚጠፋው ከ7 ቮልት ያነሰ ነበር።

ያን ቀን የደነገጥሁት በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ሁሉ አንድም አዲስ ነገር አለመኖሩን ሳይ ነው። ሁሉንም ተፈትኜበታለሁ። መምህር «የቁጥር ሰው»፣ ጠቅላላው እውቀት ነበረኝ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩን አላዳነልኝም።

እናት ነኝ

የተከበራችሁ መምህራን፣ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ የ14 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ የተበላሸ ነገር ሁሉ ፈትቶ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ልግባ ይለኛል። ዘመዶች ግን «ይህን የመሰለ ጎበዝ ልጅ ለእጅ ሥራ ታባክኚዋለሽ?» እያሉ ሰላም ነሱኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሰው ወሬ ሳይሆን በ14 ዓመቱ የሚመርጠው ነገር በ20 ዓመቱ በር ይዘጋበት እንደሆነ ነው። ደግሞስ በዚህ ዕድሜ ከብየዳና ከእንጨት ሥራ፣ ከቧንቧና ከኤሌክትሪክ የትኛው እንደሚስማማው በምን ያውቃል? እንዲሁም አንድ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲጎበኝ እናንተ የምትሉት ኅብረት መኖሩን በምን ሊለይ ይችላል?

ሞርሳና ሞረድ

እህቴ፣ ጥያቄዎ ከሁላችንም ጥያቄ ይቀድማልና በእርሱ ልጀምር። በ14 ዓመቱ ያለ ልጅ ያላየውን ሙያ ሊመርጥ አይችልም፤ ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን ወይም ስሙ የሚያምረውን ነው። ስለዚህ በአንዳንድ አገሮች የሚሠራበትን መልካም ልማድ እደግፋለሁ። በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኙ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዲስ ገቢዎችን በ9ኛ ክፍል በልዩ ልዩ ወርክሾፖች ያዘዋውሯቸዋል፤ ተማሪው የሚመርጠው እያንዳንዱን በእጁ ከነካ በኋላ ነው። ከዚያም በብዙዎቹ ዘንድ አንዱን ሳምንት በወርክሾፕ፣ ቀጣዩን ሳምንት በመደበኛ ክፍል ያሳልፋል። በግዛቱ የሚሰጠውን የሒሳብና የቋንቋ ፈተናም እንደ ሌሎች ተማሪዎች ሁሉ ይፈተናል።

በር ስለመዘጋቱ ደግሞ የስዊዘርላንድን ሥርዓት ይመልከቱ። በዚያ አገር ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከግዴታ ትምህርት በኋላ የሚሄዱት ወደ ሙያ ሥልጠና ነው። ጎበዝ ልጅ ወደዚያ ሲገባ እንደ ብክነት የማይቆጠረው በከፊል መንገዱ ክፍት ስለሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሙያው የምስክር ወረቀት ጋር ተጨማሪ ጠቅላላ ትምህርት ያጠናቀቀ ወጣት ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች መግባት ይችላል። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ልጅዎ የሚገባበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን መንገድ ያስጠበቀ መሆኑ ነው።

ትምህርት ቤት ሲጎበኙ የማሽኖቹን አዲስነት አይመልከቱ። አንድ ተማሪ የሚሠራውን ሥራ ቀርበው «ይህን ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብለው ይጠይቁት። «መምህሩ ስላለን» ካለዎት አንድ ነገር ተረድተዋል፤ ምክንያቱን ካስረዳዎት ደግሞ ሌላ ነገር ተረድተዋል። የተማሪዎቹን ደብተር ለማየትም ይጠይቁ። በወርክሾፑ ደብተር ውስጥ ስሌትና ንድፍ ካለ፣ በሒሳቡ ደብተር ውስጥም የወርክሾፑ ሥራ ከተነሣ በዚያ ቤት መምህራኑ ይነጋገራሉ።

አሁን ወደ «የቁጥር ሰው» ስጋት ልመለስ። መምህር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተሞከረ መፍትሔ አለው። የትምህርት ተመራማሪው ጄምስ ስቶንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ የሙያ መምህራን ከሒሳብ መምህራን ጋር ተጣምረው በሙያው ውስጥ ያለውን ሒሳብ አውጥተው እንዲያስተምሩ ተደረገ። ለዚህ የዋለው የክፍል ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ነበር። ተማሪዎቹ ከተሰጡት ሦስት የሒሳብ ፈተናዎች በሁለቱ ካልተጣመሩት ክፍሎች ተማሪዎች በልጠዋል፤ በሙያ እውቀታቸውም ወደ ኋላ አልቀሩም። ዘዴው የሚጀምረው ከሥራው ነው፤ ቀጥሎ ተመሳሳይ ሒሳብ ያላቸው ሌሎች የሙያ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ በመጨረሻም ያው ሒሳብ ከሙያው ተላቆ በተለመደው የፈተና መልክ ይቀርባል። እርስዎ የሚሟገቱለት ጠቅላላ መልክ አልቀረም፤ ቦታው ከፊት ወደ ኋላ ተዛወረ እንጂ።

የድሮ ነገር

የዚህ መለያየት ሥር ወደ ኋላ ራቅ ይላልና ጥቂት ልጨምር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሞስኮ የንጉሠ ነገሥቱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቪክቶር ዴላ ቮስ የተባለ ኃላፊ ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ ዘዴ አወጣ። ተማሪው ከባለሙያ ሥር ሆኖ የሚሸጥ ዕቃ እየሠራ እንዲማር በማድረግ ፋንታ ሙያው ወደ ጥቃቅን ልምምዶች ተከፋፈለ፤ መሞረድ፣ መሰርሰር፣ መጋዝ፣ ማገጣጠም እያንዳንዱ በተራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በመምህር ትእዛዝ ይሰጥ ጀመር። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን ቀርቦ አሜሪካውያን አስተማሪዎችን እጅግ ስለማረካቸው ብዙም ሳይቆይ በዚያ አገር የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱበት። ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ አንድ መምህር ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ለማስተማር ቻለ። ጉዳቱ ደግሞ ልምምዱ ከዕቃው መለየቱ ነው። ተማሪው አንድን መጋጠሚያ ሃያ ጊዜ ይሠራል፤ መጋጠሚያው ምን እንደሚሸከም ግን አያይም።

ሁለተኛው መለያየት በሕግ የመጣ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ለሙያ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ መደበ፤ ለብዙ ወጣቶችም ዕድል ከፈተ። ነገር ግን የሙያው ትምህርት የራሱ ቦርድ፣ የራሱ መምህራንና የራሱ ሰዓት ያለው ለብቻው የቆመ ነገር እንዲሆን አደረገው። ፈላስፋው ጆን ዲዊ ከሕጉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መለያየቱን ከሚደግፈው ከዴቪድ ስኔደን ጋር በጽሑፍ ሲከራከር የሙያ ትምህርትን ከጠቅላላው መለየት ሠራተኛውን ለነበረው የኢንዱስትሪ ሥርዓት ማስገዛት ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር። ክርክሩ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው፤ ሞርሳው ላይ ያለው ልጅ ግን ዛሬም በዚያው መካከል ቆሟል።

«ጠቅላላ ትምህርት ይጨመርላቸው» የሚለውም መልስ ብቻውን እንደማይበቃ ስዊድን ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሙያ ዘርፎቿን ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት አሳድጋ የጠቅላላ ትምህርት ሰዓት ጨመረች፤ ለዩኒቨርሲቲም ብቁ አደረገቻቸው። ተመራማሪዋ ካሮላይን ሆል ለውጡ በመላ አገሪቱ ከመጀመሩ በፊት የተሞከረበትን ዘመን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመችው ጥናት እንደሚያሳየው ዩኒቨርሲቲ የገቡት አልበዙም፤ በውጤታቸው ደከም ካሉት መካከል ግን ትምህርታቸውን ያቋረጡት ጨምረዋል። ሰዓቱ ተጨመረ፤ ከሥራው ጋር የሚያያይዘው ገመድ ግን አብሮ መጨመሩን እጠራጠራለሁ። ይህ የመጨረሻው የእኔ ግምት እንጂ የጥናቷ ቃል አይደለም።

የብረት ቤት ኃላፊ

ከአሠሪ ወገን ልናገር። ለሥራ የሚመጣን ወጣት የምፈትነው አንድ የብረት ቁራጭና አንድ የሥራ ንድፍ በመስጠት ነው። ልኩ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳያልፍ እነግረውና ዝም ብዬ እመለከታለሁ። ሞረዱን ከማንሣቱ በፊት ንድፉን ምን ያህል ጊዜ እንዳነበበ፣ ካሊፐሩን ከመጠቀሙ በፊት አጥርቶ ዜሮውን እንዳረጋገጠ፣ መሰርሰሪያውን ሲያስነሣ መነጽር ማድረጉንና እጅጌውን መሰብሰቡን አያለሁ። ሥራው ራሱ ቢበላሽ ብዙ አልከፋም፤ እነዚህ ልማዶች ከሌሉት ግን ላሠለጥነው እቸገራለሁ። ጥንቃቄ በፖስተር አይማርም፤ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ በየዕለቱ ካልተለማመደው እኛ ዘንድ መጥቶ ጣቱን ያጣል።

ትምህርት ቤቶች ስለ አሮጌ ማሽን ሲያማርሩ እሰማለሁ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን መማር አለባቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ብረት መቁረጫውን ሲገፋ በእጁ ያልተሰማው ልጅ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ስሕተቱንም በድምፁ አይለይም። አሮጌው ቶርኖ በሚገባ ከተጠገነ ትልቅ መምህር ነው።

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። በጀርመን ጥምር ሥርዓት ሠልጣኙ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በድርጅት፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን በሙያ ትምህርት ቤት እየተማረ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይቆያል፤ ድርጅቱም ምን እንደሚያስተምረው በሕግ የተወሰነ ነው። እኛ ግን ለትብብር ሥልጠና የተላኩልንን ተማሪዎች ለአንድ ወር ሙሉ ወለል ሲጠርጉና ዕቃ ሲያቀብሉ አቆየናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ሥራውን ጠልተው ሄዱ፤ ዛሬ እንደነሱ ያለ ሰው ፈልጌ አጣለሁ። አሁን ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ባለሙያ መድቤ በየሳምንቱ ምን እንደተማረ ተጽፎ እንዲቀርብልኝ አደርጋለሁ። ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲልኩ ምን እንዲማር እንደሚፈልጉ ጽፈው ቢልኩልን ሥራችን ይቀናል፤ እስካሁን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ብቻ የሚገልጹ ነበሩ።

በያጇ

ስለ መዘዋወር የተባለውን እኔ ኖሬበታለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ እኔና ሌሎቹ ሴቶች ሳንጠየቅ ለቢሮ ሥራ ተመዝግበን ነበር። በየወርክሾፑ ለጥቂት ሳምንታት የመዘዋወር ደንብ ባይኖር ኖሮ የብየዳ ጭንብል አድርጌ የቀለጠውን ብረት አላየውም ነበር። ካየሁ በኋላ ሌላ አልመረጥሁም። ለእጄ የሚሆን ጓንት ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተገኘም፤ በሰፊ ጓንት ኤሌክትሮድ መያዝ ሥራን ያበላሻል፤ ያቃጥላልም። ሴት ተማሪዎች እንዲመጡ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ከመፈክር በፊት ልክ የሆነ ጓንትና ጫማ ይግዛ።

ስለ ንድፈ ሐሳቡም አንድ ነገር ልበል። የሠራሁት የመጀመሪያው የበር ፍሬም ተጣሞ ሲወጣ እጄ የማይረባ መስሎኝ አልቅሻለሁ። መምህሬ «ልምድ ይጎድልሻል» አሉኝ። ብረት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በአንድ ሜትር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚረዝም፣ የተበየደው ቦታ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ቀሪውን ወደ ራሱ እንደሚስብ ማንም አልነገረኝም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፍሬሙን አራቱንም ማዕዘን በነጥብ አስይዤ፣ በስኳድራ አረጋግጬ፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየተሻገርሁ መበየድ ጀመርሁ፤ ፍሬሙም ቀጥ አለ። እጄ ያው የቀድሞው እጅ ነበር።

የቁጥር ሰው

የጻፋችሁትን ሁሉ ደግሜ አነበብሁ። «ሽቦ ዘርጊ» ወንድሜ «ሞተሩን አላዳነልኝም» ያሉት ቃል ከብዶኛል፤ ምክንያቱም የእኔም ተማሪዎች ነገ እንዲሁ ሊሉ ይችላሉ። ስጋቴን ሙሉ በሙሉ አልተውሁም። በሥራ ምሳሌ የተጀመረ ትምህርት ጊዜ ሲያጥር መጨረሻው፣ ማለትም ጠቅላላው መልክ፣ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ቢሆንም መሞከር እፈልጋለሁ።

በተግባር የሚያስቸግረን ግን ሰዓቱ ነው። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከወርክሾፕ መምህራን ጋር የጋራ ነፃ ሰዓት የለኝም፤ እነርሱ ሲያርፉ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ርእሰ መምህሩ በሳምንት አንድ የጋራ ሰዓት ቢፈቅዱልን ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ እንደሚበልጥ አምናለሁ። መምህር «ሞርሳና ሞረድ»፣ ተማሪዎችዎ በዚህ ወር የሚሠሩትን የሥራ ንድፎች በዚህ መድረክ ቢያጋሩን እኔ በውስጣቸው ያለውን ሒሳብ አውጥቼ ለክፍሌ አዘጋጃለሁ።

ሞርሳና ሞረድ

በደስታ አጋራለሁ፤ የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ከ40 ወደ 24 ሚሊ ሜትር በ120 ሚሊ ሜትር ርዝመት እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ ነው። ተማሪዎቼ የሚቸገሩት የማሽኑን መጋለቢያ (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚንሸራተተውን ክፍል) በስንት ዲግሪ እንደሚያዞሩት ማግኘቱ ላይ ነው። የሚወሰደው የዲያሜትሩ ልዩነት ግማሽ፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር፣ ለ120 ተካፍሎ ነው፤ ውጤቱ የማዕዘኑ ታንጀንት ስለሆነ ማዕዘኑ 3.8 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ግማሹን የሚረሳ ተማሪ ብረቱን ሁለት እጥፍ ያቀጥነዋል። ታንጀንት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስሕተት አላውቅም።

ተማሪዋ

ታላላቆቼ፣ እኔ የ11ኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ። የ«ሽቦ ዘርጊን» ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ መምህራችን ባሉበት ሙከራ አደረግን። 50 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በመጠቅለያ ላይ ያለ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ወስደን ጫፉ ላይ 10 አምፔር የሚወስድ ማሞቂያ አገናኘን። በስሌት ደርሶ መልሱ 100 ሜትር ስለሆነ ተቃውሞው 1.17 ኦም፣ የሚጠፋውም 11.7 ቮልት ነው። ማሞቂያው እየሠራ በሁለቱም ጫፍ ስንለካ ግን ልዩነቱ 14.4 ቮልት ሆነ። ስሌቱን አራት ጊዜ ደገምሁት፤ አልተለወጠም። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

ሽቦ ዘርጊ

እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ጭነቱ እየሠራ መለካታችሁም ትክክል ነው። ሁለት ነገር ተመልከቺ። አንደኛው ገመዱ በመጠቅለያው ላይ እንዳለ ነበር ብለሻል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም፤ የመዳብ ተቃውሞ ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 0.0175 የሚለው ቁጥር ለ20 ዲግሪ ነው፤ ገመዱ 45 ዲግሪ ከደረሰ ተቃውሞው በ10 በመቶ ያህል ይጨምራልና ወደ 12.8 ቮልት ትደርሻለሽ። እንዲህ ያለውን ጭነት በተጠቀለለ ገመድ ማሠራት የገመዱን ልባስ ሊያቀልጥ ስለሚችል ዳግመኛ እንዳታደርጉት፤ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ተጠቀሙ።

የቀረውን 1.6 ቮልት በመገናኛዎቹ ላይ ፈልጊው። መምህራችሁ ባሉበት በእያንዳንዱ መገናኛ ወዲህና ወዲያ ለኪ። አንዱ ላይ 1.6 ቮልት ከተገኘ በ10 አምፔር 16 ዋት ሙቀት በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ተማሪዋ

ገመዱን ዘርግተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ መምህራችን ባሉበት እያንዳንዱን መገናኛ ለካን። በሶኬቱ ውስጥ ያለ አንድ ብሎን ላልቶ ነበር፤ ፕላስቲኩም በዙሪያው ጠቁሯል። ኤሌክትሪኩን አጥፍተን ሽቦውን እንደገና ላጥንና በካቻቢቴ አጠበቅነው። አሁን ልዩነቱ 11.9 ቮልት ነው። የቀረው 0.2 ቮልት በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚመጣ እንድናሰላ የሒሳብ መምህራችን ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራ ሰጥተውናል፤ ሰኞ እናስረክባለን።